በቢተው አውድማ የቀረችው ሰላምታ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ባለቤቴ የሺ «እንግዲህ ዐረፍህ» አለችኝ። ምኑን ዐረፍሁት! ጧት ተነሥቼ የንፋስ መውጫን ገበያ ሁለት ጊዜ እዞራለሁ፤ ከዚያ መናኸሪያ ሄጄ የሚወጣ የሚወርደውን ሰው ሳይ እቆያለሁ፤ ቤት ስመለስ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሜ በፀሐይ መግቢያ በኩል ጉናን አያለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩ እሾህ አለበት ወይ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ውስጥ እግሬን ይበላኛል። ውስጥ እግሩን የበላው ሰው መንገድ ይጠብቀዋል ይባላል። እኔ የምሄድበትን ቦታ አውቀው ነበር፤ የማልሄደው ፈርቼ ነው።

ሥራዬ አውሬ ማሳየት ነበር። መግደል አይደለም፣ ማሳየት። በጃንሆይ ዘመን ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። «ጅብ ለማየት በቅሎ ተከራይቶ የሚመጣ ሰው አለ? እኛ ቤት ይምጣ፣ በነጻ እናሳየዋለን!» ይሉኛል። አባቴማ አፍሮ «ልጄ ከመንግሥት እንግዶች ጋር ነው የሚውለው» ይል ነበር።

የተወለድሁት ጋይንት ውስጥ፣ የድጓ መምህራን አገር ከሆነችው ቤተ ልሔም አጠገብ ነው። በዚያ አገር ልጅ ድምፅ ካለው ድጓ ይማራል፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ድምፅስ ነበረኝ። የኔታ ዜማውን እየመሩኝ ዐይኔ ከደጅ፣ ከዛፉ ላይ ካለችው ወፍ ላይ ነው። «እግዜር ድምፅ ሰጥቶህ መቀመጫ ነሣህ» ይሉኝ ነበር፤ ቁንጥጫውንም አይረሱም። ማንበብና መጻፍ፣ ከዜማውም ጥቂት እንደያዝሁ ጥዬ ወጣሁና ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር ለሚመላለሱ ነጋዴዎች በቅሎ ነጂ ሆንሁ። ከአያ ዳኘው ጋር የተገናኘነው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

አያ ዳኘው የእስቴ ሰው ናቸው፤ ትዳራቸው ግን ከጉና ሥር በጋይንት ፊት ነበር። በጉብዝናቸው ጊዜ የታወቁ አዳኝ ነበሩ፤ ነብር ገድለው ተዘፍኖላቸዋል፣ ቅቤ ተቀብተዋል። በኋላ ጠመንጃቸውን ሽጠው ሁለት በቅሎ ገዙና አውሬ ማየት የሚወዱ እንግዶችን ከደብረ ታቦር እየተቀበሉ ጉና ላይ ማውጣት ጀመሩ። አገሬው አላገጠባቸው። እኔም ደፋር ነበርሁና በተዋወቅን በሁለተኛው ቀን «አያ ዳኘው፣ በቅሎ እንደሁ አትወልድ፤ ጠመንጃን የሚያህል ነገር እንዴት በበቅሎ ይለውጣሉ?» አልኋቸው።

«ጠመንጃውስ መቼ ወለደልኝ?» አሉና ሳቁ። በዚያው ቀጠሩኝ። ደመወዜ እንግዳ ሲኖር ገንዘብ ነው፤ እንግዳ ሲጠፋ ምሳ ነው።

«ቀይ ቀበሮ ማየት ስትፈልግ ቀበሮ አትፈልግ፤ ጭላዳ ፈልግ» ይሉኝ ነበር። ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣሩን ሲነጭ ቀበሮው በመካከላቸው ጎንበስ ጎንበስ እያለ አይጥ ያድናል። አይሸሹትም፤ ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ እንግዳውን ጓሳው ሣር ውስጥ አስቀምጠን ጭላዳ እንዲያይ እናደርገዋለን፤ ቆይቶ አንዱ ቀይ ነገር ጭራውን ወዝወዝ ሲያደርግ እንግዳው እጁን አፉ ላይ ይጭናል። አያ ዳኘው በኪሳቸው የገብስ ገለባ አይጠፋም፤ ቆንጠር አድርገው ይለቁና ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። የበቅሎዋን ቃጭል ሣር ይወትፉበታል። በጣታቸው ጠቁመው አያውቁም፣ በአገጫቸው ነው። የእኔን ጆሮ ይወዱት ነበር፤ ሰስ የምትባለውን የገደል ሚዳቋ ፉጨት ከወፏ ፉጨት በሩቅ እለይ ነበርና። «ጆሮህ የየኔታ ነው፤ እግርህ ግን የፍየል ነው» ይሉኛል።

የፍየል መሆኑን ስማዳ ላይ አስመሰከርሁ። በበሽሎ ወንዝ ገደል ውስጥ አንድ ሐኪም ነብር ለማየት ሰባት ቀን አብሮን ወረደ ወጣ። በሰባተኛው ቀን ነብሩ ከዋሻው አፍ ላይ ተጋድሞ ሊታየን ሲል እኔ ትንሽ ጠጋ ልበል ብዬ ድንጋይ አንከባለልሁ። ነብሩ ሄደ። ሐኪሙ በቋንቋው ሰደበኝ መሰለኝ። አያ ዳኘው «የቸኮለ ጅብ ቀንድ ነከሰ» አሉ፤ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ያን ጊዜ ቢገርፉኝ ኖሮ ምናልባት እማር ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሰላምታ ነገራቸው ነው። በእኛ አገር ሰው እህል ሲወቃ ባውድማው አጠገብ ዝም ብሎ አይታለፍም። ድምፅ ከፍ ተደርጎ «ያበርክት!» ይባላል፤ ባለ አውድማውም «አሜን፣ አብሮ ያበርክት!» ይላል። ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ወይ ዐይኑ መጥፎ ነው፣ ወይ ጠላት ነው፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። ታዲያ ከጉና ሥር ገብስ የሚወቃው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ቀበሮዋም ግልገሎቿን ከጉድጓድ የምታወጣው በዚያው ወራት ነው። ጩኸት ከሰማች ልጆቿን ትሰበስብና ትገባለች፤ ከገባች የዚያ ቀን ነገር አለቀ።

አያ ዳኘው ለዚህ መላ ነበራቸው። እንግዳ በሚመጣበት ዋዜማ በየአውድማው ይዞራሉ። «ያበርክት! ነገ እንግዳ ይዤ በዚህ አልፋለሁ። ዝም ብል እንዳትቀየሙኝ፣ የነገውን ሰላምታ ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ» ይላሉ። ይቀመጣሉ፤ ጠላ ከቀረበ ይጠጣሉ፤ ስለ ላሙ፣ ስለ አማቹ፣ ስለ ታመመው ይጠይቃሉ። በማግሥቱ ስናልፍ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ፤ ባለ አውድማውም መንሹን ወደ ላይ ብድግ ያደርግላቸዋል። ድምፅ የለም። ቀበሮዋም ምንም አትሰማ። እኔ ይህን ሁሉ መዞር ጊዜ ማባከን ነው እል ነበር፤ በሆዴ።

ሦስት ዓመት እንደሠራን ከአዲስ አበባ፣ ከዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። አያ ዳኘው ፊደል ስላልቆጠሩ አንባቢው እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱ ሹም አቶ ሥዩምና አንድ የአራዊት ሊቅ ፈረንጅ ይመጣሉ፤ ቀበሮዎቹን ከነግልገሎቻቸው በዐይናቸው ካዩ ጉና ይጠበቃል፣ አያ ዳኘውም ቋሚ ጠባቂ ሆነው ይቀጠራሉ ይላል። ያን ጊዜ ጕልበታቸው ዳገት ላይ ይይዛቸው ጀምሮ ነበር። ልጅ የላቸውም። «ቋሚ የሚለውን ደግመህ አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብሁላቸው። ሚስታቸውን ጠርተው እንደገና አስነበቡኝ።

በዚያ ዓመት የነበረን ጉድጓድ አንድ ነው። ከቋጥኝ ሥር፣ ጅብራ ከበቀለበት አጠገብ፣ አራት ግልገሎች። ሃያ ቀን ያህል ስንጠብቃቸው ሰነበትን።

በዋዜማው አያ ዳኘው እንግዶቹን ለመቀበል ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ ሰላምታውን ለእኔ ተዉልኝ። «ሦስት አውድማ ነው። አትቸኩል። ይልቁንም ቢተው ዘንድ ተቀመጥ፤ ሰሞኑን መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ አለና ሆዱ ክፉ አስቧል» አሉኝ። እውነት ነው፤ በዚያ በጋ ቀላድ ጣይ መጥቶ መሬቱን በገመድ ለክቶ አዲስ ግብር ይጥላል እየተባለ አገሩ ሁሉ ተሸብሮ ነበር። ቢተው ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ገና ጢሙ ሳይሸብት የሽማግሌ ቦታ የተሰጠው፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው።

በመጀመሪያው አውድማ «ያበርክት» አልሁ። ሁለተኛው ላይ አንዲት ባልቴት ስለጠፋች ላማቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ፤ ላሚቱ ከጠፋችበት እስክትገኝ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። የቢተው አውድማ ከሸለቆው ማዶ ነው፤ መውረድ መውጣት አለው። ቆሜ አየሁት። እግሬ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ቀበሮዎቹ ሳበኝ። አንዴ ልያቸውና ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ግልገሎቹ አንዲት ቁራጭ የበግ ለምድ ይዘው ሲጎታተቱ ነበር። የሚገርም ነበር ጨዋታቸው። ቀና ስል መሽቷል።

አያ ዳኘው እንግዶቹን ከሥር መንደር አሳርፈው ሲመጡ «ሦስቱንም ብለሃል?» አሉኝ።

«ብያለሁ።»

«ቢተውስ ምን አለህ?»

«አብሮ ያበርክት አለኝ» አልሁ። ውሸት እንዲህ ቀላል ናት፤ መልሷንም ይዛ ትመጣለች።

ጧት ወጣን። አቶ ሥዩም ወረቀታቸውን በብብታቸው፣ ፈረንጁ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን በትከሻው። በቢተው አውድማ ስናልፍ አያ ዳኘው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ አሉ። ቢተው በሬዎቹን አቆመ። መንሹን አላነሣም። እኛን አየ፤ መነጽሩን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ሰላምታዋ አፌ ላይ ደርሳ ነበር። አንዲት ቃል ናት፣ «ያበርክት» ብል ያ ቀን ብቻ ነበር የሚበላሸው። ዋጥኋት። አያ ዳኘው ትንሽ ቆም አሉና ዳገቱን ያዙት።

ቀበሮዎቹን አየናቸው። ከዚያ ወዲህ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያለ ጧት አላየሁም። እናቲቱ አይጥ በአፏ ይዛ መጣች፤ አራቱም ከጉድጓድ ተሽቀዳድመው ወጡ፣ አንደኛው ተደናቅፎ በአፍጢሙ ተደፋ። ፈረንጁ ሳቁን በእጁ አፍኖ ዕንባው ይወርዳል። አቶ ሥዩም ይጽፋሉ። አያ ዳኘው አገጫቸውን ወደ እኔ አነሡና ፈገግ አሉ። እኔ ዐይኔን ወደ ግልገሎቹ መለስሁ።

ያኔ ከበታች ጥሪ ተሰማ። የእኛ አገር ሰው ወሬ ሲኖረው ከጉብታ ጉብታ ይጣራል፤ አንዱ የሰማውን ለማዶው ያሳልፋል። «ኧረ እናንተ ሰዎች ሆይ! ቀላድ ጣዮች ገቡ! ዳኘው ይዟቸው ገባ!» የቢተው ድምፅ ነው። ማዶ ተቀበለው። ከማዶ ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ ተቀበለው። ቀበሮዋ ጮኸች፤ ግልገሎቹ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ሰው ዱላውን ይዞ ከየአቅጣጫው ይወጣ ጀመር።

አያ ዳኘው ተነሥተው ወደ ሰዎቹ ሄዱ። «ምን ሆናችኋል? የማውቃችሁ የምታውቁኝ አይደላችሁም እንዴ? አውሬ ሊያዩ ነው የመጡት» አሉ።

አቶ ሥዩም ደንግጠው ነበር፤ ዝም ቢሉ ባማረባቸው። «ይህ ቦታ የመንግሥት ነው፣ ይከለላል!» ብለው ጮኹ። በቃ፣ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሰው ሁሉ ተንጫጫ።

ቢተው ወደ ፊት ወጣ። ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው። «አያ ዳኘው፣ እኔ አባቴን ያህል ነበር የማከብርዎ። ሁልጊዜ እንግዳ ሲያመጡ በዋዜማው አውድማዬ መጥተው ያበርክት ይሉኝ ነበር። ትናንት አልመጡም። ዛሬም በደጄ ዝም ብለው አለፉ። የሚደብቁት ባይኖር አፍዎን ምን ዘጋው?»

አያ ዳኘው ዘወር ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ ድጓ የተማረ፣ ድምፁ ከሸለቆ ሸለቆ የሚሰማ፣ አፌ ተለጐመ። ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ወደ ቢተው ዞሩና «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

እንግዶቹ በዚያው ሰዓት በቅሏቸው ላይ ወጥተው ወረዱ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጉድጓዱ ስንሄድ አፉ በድንጋይ ተደፍኗል፤ ዙሪያውን የተቃጠለ ገለባ አለ። በጭስ አፍነው ነው የደፈኑት። ቀበሮው ከሌለ እንግዳ አይመጣም፣ እንግዳ ካልመጣ ቀላድ አይጣልም ብለው። አያ ዳኘው ተንበርክከው ድንጋዩን በእጃቸው ያወጡ ጀመር፤ እኔም ገባሁበት። አራቱም ተደራርበው ተኝተዋል። አንደኛው ያችን የለምድ ቁራጭ ከሥሩ አድርጓታል።

«አያ ዳኘው፣ እኔ…» አልሁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «የቢተው መንሽ ሳይነሣ ሲቀር ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?»

«አንተ ትናገር ይሆናል ብዬ ነዋ» አሉኝ።

ነገ ሄጄ ለቢተው እነግረዋለሁ አልሁ። ነገ ገበያ ነው፤ ከነገ ወዲያ በዓል ነው። በዚህ መካከል ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። የጉና ነገር ቀርቷል፤ ነገር ግን ሰሜን ተራሮች ላይ ለሚቋቋመው ፓርክ ወጣትና ማንበብ የሚችል ጠባቂ ይፈለጋል ይላል። ይህንንም ያነበብሁት ለአያ ዳኘው ነው። በዚህኛው ላይ ያለችው «ቋሚ» የምትል ቃል ለእኔ ነበረች። «ሂድ» አሉኝ። «በሄድህበት ግን ሰላምታ አትቆጥብ።» በቅሏቸው ላይ ጭነውኝ እስከ ደብረ ታቦር በእግራቸው ሸኙኝ። ኧረ እንዴት እሺ ብዬ እንደተቀመጥሁባት!

ሰሜን ላይ ጥሩ ጠባቂ ነበርሁ፤ ይህን ሳልኩራራ እላለሁ። አለቆች ተቀያየሩ፤ አንዱ ወረቀት ይወዳል፣ አንዱ ጫማ እንዲወለወል ይፈልጋል። እኔ አንድ ደንብ ብቻ ነበረኝ፤ ወደ ዋልያው ከመሄዴ በፊት ወደ መንደሩ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ዋልያ ሊገድል ያደፈጠ ሰው ገደል አፋፍ ላይ አገኘሁ፤ ጠመንጃው ጎርሷል። «እንደምን ዋልህ? እናትህ ተሻላቸው?» አልሁት። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሄጄ እናቱ ታመው አይቻለሁ። ሰውዬው ጠመንጃውን አስቀምጦ አለቀሰ። አለቆቼ አመሰገኑኝ፤ ይህን ከማን ተማርህ ሲሉኝ ወሬ አስቀየርሁ።

አያ ዳኘው የሞቱት በሁለተኛው ዓመት ነው። ባለቤታቸው ያጻፉት ደብዳቤ ሲደርሰኝ አርባቸው አልፏል። «ከነቢተው ወገን ለቀብር የቆመ አልነበረም። ሰንበቴ ማኅበሩም እሳቸውን አስወጥቷቸው ነበር። ይህን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ» ይላል። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ፤ ዳገት ወጣሁ፣ ወረድሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው መቀመጥ ጨርሶ ያቃተኝ። ፓርክ ጠባቂ መሆኔ በጀኝ፤ ሰው ትጉህ ነው ይለኝ ነበር።

ያለፈው ጥር ላይ የሺ በትሬን ከበሩ ጀርባ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። «የት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሂድና ና» አለችኝ። ሄድሁ።

የቢተው አውድማ ያው ባለበት ነው። ልጆቹ ያበራያሉ፤ እሳቸው አርጅተው ከክምሩ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ዛሬ አያ ቢተው ናቸው። ከሸለቆው ማዶ ቆሜ በዚያ በድጓ ድምፄ «ያበርክት!» አልሁ። «አሜን! አብሮ ያበርክት!» አሉ ልጆቹ። ተሻግሬ አጠገባቸው ደረስሁና ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኋቸው። እንዲናገር የተላከው እኔ እንደነበርሁ፣ ሸለቆውን መሻገር ሰንፌ ቀበሮ ሳይ እንዳመሸሁ፣ ለአያ ዳኘው ዋሽቼ እንደነበር። «እሳቸው ሰላምታውን ልከውልዎ ነበር። በልቼ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

አያ ቢተው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ። ከዚያ «ጉድጓዱ ላይ ድንጋዩን ያንከባለልሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ለዳኘው ቀብርም አልቆምሁ። ተዝካሩንም አልቀመስሁ። በመንገድ ሲያገኘኝ ቀድሞ እጅ ይነሣኝ ነበር፤ ፊቴን አዞርበት ነበር። አየህ፣ አንድ ቀን እንኳ ጥፋቱ የዚያ ልጅ ነው አላለኝም።» ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ምነው ይህን ያህል ዘገየህ?»

እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ አነሣኋቸው። በልጃቸው መንሽ ተደግፈው እስከ ጉብታው ጫፍ ሄዱና፣ ያኔ ቀላድ ጣዮች ገቡ ብለው ከተጣሩባት ቦታ ላይ ቆመው፣ በተሰነጠቀ ድምፅ ተጣሩ፦ «ኧረ እናንተ ሰዎች ሆይ! ዳኘው ያበርክት ብሎ ነበር! ጥፋት የለበትም ነበር!»

ቆየን። ነፋስ ብቻ ነበር። በኋላ ከማዶ አንድ የጎረምሳ ድምፅ መጣ።

«የትኛው ዳኘው?»

አያ ቢተው ድምፃቸው አለቀ፤ ወደ እኔ ዞሩ። በትሬን መሬት ላይ ጣልሁ፣ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ «አያ ዳኘው!» ብዬ ጀመርሁ፤ «ከጉና ሥር የነበሩት! በቅሎ የነበራቸው!» እያልሁ፣ ማዶው እስኪቀበለኝ ድረስ።